የመጠጥ ውሃን ከመድኃኒት ቅሪት ስለ መመርመር

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ዳሩ ግን የናይሮቢ ወንዝ ዛሬ በከተማይቱ መካከል ሲያልፍ የየሰፈሩን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። የኬንያና የፊንላንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት በዚሁ ወንዝ ውስጥ ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም የተባሉትን አንቲባዮቲኮች አግኝተዋል። በ2019 ደግሞ የእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ72 አገሮች የተደረገ የወንዞች ምርመራ ውጤት ሲገልጥ፥ የአንቲባዮቲክ መጠን ከተወሰነው ልክ እጅግ ካለፈባቸው አገሮች አንዷ ኬንያ ሆና ተገኝታለች።

መድኃኒቱ ወደ ውሃ የሚገባበት መንገድ ግልጽ ነው። ሰውም ሆነ እንስሳ የዋጠው መድኃኒት ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ አያልቅም፤ ከፊሉ ሳይለወጥ በሽንትና በፋንድያ ይወጣል። ከዚያም ከመጸዳጃ ጕድጓድ ወደ ቅርብ የውሃ ጕድጓድ ይሰርጋል፤ ወይም የዶሮውንና የከብቱን ኩስና እበት ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ ጠጪውን ወዲያው አይመርዝም። ጕዳቱ ግን ጥቂቱ መድኃኒት ደካሞቹን ጀርሞች ገድሎ ብርቱዎቹን እንዲራቡ ስለሚተው፥ ሕመም በመጣ ጊዜ መድኃኒቱ የማይሠራ መሆኑ ነው።

የተለመደው የውሃ ምርመራ ጀርምን እንጂ የመድኃኒትን ቅሪት አያሳይም። ማፍላትም ጀርምን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ለማጥፋት አይታመንበትም። ስለዚህ ምርመራው የተለየ ነው። ብርሃን መድኃኒቱን እንዳያፈርሰው ውሃው በጠቆረ ጠርሙስ ይቀዳል፤ በበረዶም ተይዞ በቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በዚያም ተጣርቶ መድኃኒቱን ይዞ በሚያስቀር ነገር ውስጥ ያልፋል። የተያዘው በአልኮል ታጥቦ ከወጣ በኋላ፥ በሊትር ውስጥ ከግራም አንድ ቢሊዮንኛ የሚያህለውን እንኳ በሚለይ መሣሪያ ይለካል። ስሕተት እንዳይገባም ንጹሕ ውሃ የያዘ ሌላ ጠርሙስ አብሮ ይመረመራል።

እያንዳንዱ ምንጭ ለብቻው፥ በበጋም በክረምትም ሊመረመር ይገባዋል። ለናይሮቢ ቧንቧ አብዛኛው ውሃ የሚመጣው ከከተማይቱ በላይ ካለው ከንዳካይኒ ግድብ ስለ ሆነ፥ የወንዙ ውጤት ስለ ቧንቧው አይመሰክርም፤ የቧንቧውም ጥራት ስለ መንደሩ ጕድጓድ ዋስትና አይሆንም።

ገበሬውም ድርሻ አለው። ይኸውም፦ ለከብትና ለዶሮ አንቲባዮቲክን ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አለመስጠት፤ የተረፈውን መድኃኒት በወንዝም በመጸዳጃም አለመጣል፤ የመጸዳጃውን ጕድጓድ ከውሃው ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ማራቅ፤ የፋንድያውንም ክምር ከምንጭ በታች ማድረግ ነው። ምርመራ የደረሰውን ጥፋት ያሳያል እንጂ ውሃውን አያነጻምና፥ ጥንቃቄው ከበረቱና ከጓሮው መጀመር አለበት።