ቤታ ዓሣችን ለምን ሞተ?

«ቤታ አየር ስለሚተነፍስ ጠርሙስም ይበቃዋል» ሲሉ ሰምቼ ዓሣዬን በጠባብ ብልቃጥ አኖርኩት። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጥፋቱ የኔው ነበር።

እርግጥ ነው፣ ይህ የታይላንድ ዓሣ ብቅ እያለ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይስባል። ነገር ግን ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ውሃው ትንሽ ከሆነ መርዙ ቶሎ ይበረታል።

ስለዚህ 20 ሊትር ያህል የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ይኑረው። የደጋ ብርድ አይስማማውም፤ የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ብቻ ለውጡ። የቧንቧውም ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን ይቆይ። ሁለት ወንድ ቤታ ግን አንድ ላይ አይኖሩም፤ ይገዳደላሉ።

እንግዲህ ነገ በየክፍላችን ለተማሪዎች ማሳያ ዓሣ ስናኖር፣ ሞቶ ሳይሆን ኖሮ እንዲያስተምር እናድርግ።