ከሰማይ የሚወርድ ቋጥኝ

እሳተ ገሞራ ሲነሳ ቶሎ ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ቀዩ የቅልጥ ዓለት ጎርፍ ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀርፋፋ ስለሆነ በእግር ሸሽቶ ማምለጥ ይቻላል። በእሳተ ገሞራው አፍ አጠገብ ለቆመ ሰው ዋናው ፍርሃት ሌላ ነው፤ ወደ ላይ ተወርውሮ የሚመለሰው ድንጋይ።

የጃፓኑን የኦንታኬ ተራራ ጉድ ስሙ። ዕለቱ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2014 ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ የዛፎቹ ቅጠል ቀልቷል፣ 3,067 ሜትር ላይ ያለው ጫፍ በተጓዦች ተሞልቷል። ባለ አምስት እርከኑ የማስጠንቀቂያ ደረጃ 1 ላይ ነበር፤ ማለትም ዝቅተኛው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ52 ላይ ተራራው ፈነዳ። 58 ሰዎች ሞቱ፣ 5 ደግሞ የደረሱበት ጠፋ። አብዛኞቹን የገደላቸው የድንጋይ ምት ነው።

የሚደንቀው፣ ቅልጥ ዓለት ጭራሽ ብቅ አላለም! ሥራውን የሠራው ውሃ ነው። በተራራው ሆድ ውስጥ የታመቀ ውሃ ከሥር በመጣ ሙቀት ይግላል፤ ግፊቱ የላላ ዕለት በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። በተራ የአየር ግፊት ውሃ ሲተን ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይሻል። ፈንዲሻም የሚፈነዳው በዚሁ ሕግ ነው፤ እዚህ ግን የሚሰነጠቀው የተራራ አናት ነው። የኦንታኬ ድንጋዮች በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እንደበረሩ ተገምቷል፤ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ከአፉ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ታይተዋል።

የእንፋሎት ፍንዳታ ተንኮሉ ድምፁን ማጥፋቱ ነው። በኦንታኬ ከሁለት ሳምንት በፊት ትናንሽ ነውጦች በርክተው ነበር፤ ግልጹ መንቀጥቀጥ ግን የጀመረው 11 ደቂቃ ሲቀረው ብቻ ነው። ከሚወረወር ድንጋይ ሊቃውንትም አያመልጡም፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የኮሎምቢያው ጋሌራስ ሲፈነዳ ከሞቱት 9 ሰዎች 6ቱ ሊያጠኑት የወጡ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ባሕር ላይ መሆንም ዋስትና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሃዋይ ውስጥ የኪላዌያ እሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለት ባሕር ገብቶ ሲፈነዳ፣ የተወረወረው ድንጋይ የአስጎብኚ ጀልባ ጣሪያ በስቶ 23 ሰዎች ቆሰሉ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ደመ ነፍስ «ዞረህ ሩጥ» ይላል። እኔም እንደዚያ የማደርግ ይመስለኛል፤ ግን ስህተት ነው። ጀርባውን የሰጠ ሰው የሚመጣበትን አያይም። ባለሙያዎች የሚመክሩት ፊትን ወደ ፍንዳታው አዙሮ ድንጋዩን እያዩ ገለል ማለትን ነው። ናዳው ከበዛ ግን ማየትም አያዋጣም፤ ያኔ ከትልቅ ዓለት ጀርባ ተጠግቶ፣ ሻንጣን ጭንቅላት ላይ ደፍቶ መኮራመት ነው። ጃፓኖቹ ከዚያ ወዲህ በኦንታኬ ጫፍ የኮንክሪት መጠለያ ሠርተዋል።

ኤርታሌን ወይም ሌላ ሕያው እሳተ ገሞራ ልታዩ ካሰባችሁ፣ ሰሞኑን ምን እንደተሰማ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሄልሜት አድርጉ፤ አፉ ላይ ፎቶ ስታነሱም አትቆዩ።