«ኃላፊነት ይሰማኛል» ለሚል ኩባንያ ዳኛው ማነው? የእኛስ ሐዋላ ምን አገባው?

ዛሬ የማወራችሁ ልብስ ስንገዛ፣ አበባ ስንገዛ ወረቀቱ ላይ ስለምናያት አንዲት ቃል ነው፦ «ማኅበራዊ ኃላፊነት»። ቆንጆ ቃል ናት። ግን ማን አመጣት? ማንስ ይቆጣጠራታል? (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ከብራስልስ እንጀምር። በ1995 ዣክ ደሎር ከአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንትነት በሚሰናበትበት ወቅት፣ ከተወሰኑ ኩባንያዎች ጋር ሆኖ አንድ መግለጫ ወጣ። ሥራ አጥነትና ከኅብረተሰቡ መገለል የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ኩባንያም ድርሻ አለው የሚል ነበር። ዛሬ ሲ.ኤስ.አር. ዩሮፕ የሚባለው የኩባንያዎች ኅብረት ከዚያ ነው የተወለደው። በየአገሩ ያሉ መሰል ማኅበራትንም ያገናኛል። ኩባንያዎቹ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ልምድ ይለዋወጣሉ፣ ግብ ያወጣሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ።

ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ዕድር እንኳ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። እንደዚህ ያለ የኩባንያዎች ኅብረት ግን በፈቃደኝነት የሚገባበት እንጂ የፍርድ ቤት ሥልጣን ያለው አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በ2001 ነገሩን «በፈቃደኝነት» ብሎ ነበር የተረጎመው። በ2011 ትርጉሙን ለወጠና ኩባንያ በኅብረተሰቡ ላይ ለሚያደርሰው ተጽዕኖ ያለበት ኃላፊነት ነው አለ። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች፣ ግን ትልቅ ናት።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። እኛም ጋ እንደዚህ ያለ ኅብረት አለ። በ2002 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር ነው። የአበባው ሥራ በፍጥነት ሲያድግ ስለ ኬሚካሉ፣ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ውኃ፣ ስለ ሴት ሠራተኞቹ ጤና አውሮፓ ውስጥ ጥያቄ ተነሣ። አብዛኛው አበባችን የሚሄደው ሆላንድ ነው፤ ገዢው ከጠየቀ ሻጩ መልስ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ማኅበሩ በ2007 የአሠራር መመሪያ አወጣ፦ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች ያሉት። ኬሚካል የሚረጨው ሠራተኛ መከላከያ ልብስ እንዲኖረው፣ ከርጭት በኋላ ጊዜው ሳይደርስ ማንም ግሪንሀውስ እንዳይገባ፣ መድኃኒቱ በአግባቡ እንዲቀመጥ፣ ሁሉም እንዲመዘገብ። የሚፈትሸውም ከውጭ የሚመጣ መርማሪ ነው።

ይሄ ይሠራል። ለምን? ጠያቂ ገዢ አለ፣ ፈታሽ አለ፣ ያላሟላ ደግሞ ገበያ ያጣል። ሦስቱም አሉ።

የማይነካው ምንድን ነው? ደሞዝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ሳይኖር ነው ይሄ ሁሉ የተገነባው። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፣ ወለሉን ግን እሱ ራሱ አላስቀመጠም።

ይሄ በደንብ የታየው ሐዋሳ ላይ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ዋናው ደንበኛ ፒ.ቪ.ኤች. ነበር፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት። ባንግላዴሽ ውስጥ በ2013 ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 ሰው በላይ ካለቀ በኋላ ገዢዎቹ ንጹሕ ቦታ ፈልገው ነበር። ፓርኩም አዲስ ነው፣ የፋብሪካውን ቆሻሻ ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ነው የተሠራው። ለሪፖርት የሚያምር ነው።

ደሞዙስ? የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። ልጆቹ ክፍል እየተጋሩ ይኖሩ ነበር፣ ብዙዎቹም ጥለው ይሄዱ ስለነበር በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛው በአማካይ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ነበር።

እንግዲህ የእኛ ሐዋላ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። በወር 26 ዶላር የምታገኝ ልጅ የቤት ኪራይና ምግብ አልሸፍን ሲላት ማንን ትጠይቃለች? ገበሬ አባቷን፣ ካልሆነም ውጭ ያለ ዘመዷን። እኛን። ሸሚዙን ሱቅ ገብተን እንገዛለን፣ ኩባንያው ያልከፈለውን ደግሞ በሐዋላ እንሞላለን። ዋጋውን ሁለቴ ከፈልን ማለት ነው። ይሄ በየትኛው ሪፖርት ላይ ይጻፋል?

ከዚያ ጦርነቱ ሲባባስ ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2021 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። በፈቃድ የመጣ በፈቃዱ ሄደ።

ስለዚህ ፈቃድ ብቻ አይበቃም ያሉ አገሮች ሕግ አወጡ። ከራና ፕላዛ በኋላ ብዙ የልብስ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር አስገዳጅ ስምምነት ፈረሙ። ፈረንሳይ በ2017፣ ጀርመን ከ2023 ጀምሮ፣ በ2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃቸው የሚመጣበትን ሰንሰለት እንዲፈትሹ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ግን በየካቲት 2025 ኮሚሽኑ ራሱ ሸክሙ በዛ ብሎ ሕጉን ለማላላት ሐሳብ አቀረበ። ትግሉ አላለቀም።

እኛም ሠፈር ተመሳሳይ ነገር አለ። ዴንቨር ካፒቶል ሂል ላይ፣ ያ ወርቃማ ጉልላት ያለው የኮሎራዶ ምክር ቤት በ2024 አንድ ሕግ አወጣ። በስልክ መተግበሪያ መኪና የሚያሰማሩ ኩባንያዎች ተሳፋሪው ስንት እንደከፈለ፣ ሾፌሩ ስንት እንደደረሰው እንዲያሳዩ የሚያዝ ነው። እንደኔ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ይሄ ይገባዋል። ሾፌሮች ተሰብስበው ያንን ደረጃ ወጥተው ስለጠየቁ እንጂ በኩባንያ በጎ ፈቃድ የመጣ አይደለም። የሐዋሳዋ ልጅም ጥያቄ ይሄው ነው፦ ሸሚዙ ስንት ተሸጠ፣ ለኔስ ስንት ደረሰኝ?

በተለይ አውሮፓ ያላችሁ፣ ድምፅ የምትሰጡም ዕቃ የምትገዙም እናንተ ናችሁ። «ኃላፊነት ይሰማኛል» የሚል ኩባንያ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚፈትሸው ማነው? ደሞዙ ስንት ነው? ሲሄድስ ለሠራተኛው ምን ትቶ ይሄዳል? የጀርመኑ ሕግ ኩባንያው የአቤቱታ መቀበያ እንዲከፍት ያስገድዳል። አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ እህት ወይም የአክስት ልጅ ካላችሁ ይሄንን ንገሯት።

በሉ፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ቪዲዮው ላይ እንገናኝ። ሰላም ዋሉ።