የመስቀል በዓል ጌጥ በገዛ እጅ

ካቻምና በመስቀል ዋዜማ ከማስተምርበት ከተማ ተነሥቼ ወላጆቼ ወደሚኖሩበት ገጠር ስሄድ፣ ከመናኸሪያው በር ላይ ሦስት ችቦ ገዛሁ። ሰው ባዶ እጁን ወደ አባቱ ቤት አይገባምና፣ ስኳሩንና ቡናውንም ስለያዝሁ የቀረብኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም። አባቴ ደጅ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ቆዩኝ። አንደኛውን ችቦ ተቀብለው ግራና ቀኝ ካገላበጡ በኋላ «ይኸን ማን አሰረው?» ብለው ጠየቁኝ። መግዛቴን ነገርኋቸው። ምንም አልመለሱም፤ ብቻ ማሰሪያውን በአውራ ጣታቸው ጫን ቢያደርጉት ጊዜ ችቦው ተፈትቶ እግራቸው ሥር ተበተነ።

አባቴ በቀዬው ችቦ በማሰር የታወቁ ሰው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቋጠሮ ማጥበቅ ተስኗቸዋል። እኔ የበኩር ልጃቸው ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ስማር ኖሬ፣ ስለ እንጨት የማውቀው በአመዛኙ ሴሉሎስና ሊግኒን ከሚባሉ ነገሮች መሠራቱን ብቻ ነበር። ይህንን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምራለሁ፤ ችቦ ማሰር ግን አላውቅም። እሳቸውም ይህንን ሳይረዱት አልቀሩም መሰለኝ፣ «በል ና ተቀመጥ፤ እኔ በአፌ፣ አንተ በእጅህ» አሉኝ።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ችቦ የሚሆነው ጭራሮ በበጋ ተለቅሞ ክረምቱን ቆጥ ላይ የከረመ፣ የምድጃ ጢስ ያገኘው መሆን አለበት። ከመካከል እንደ አከርካሪ የሚሆን አንድ የደረቀ ፍልጥ ይገባል፤ ጭራሮው ወፍራም ወፍራሙ ወደ ታች፣ ቀጫጭኑ ወደ ላይ እየሆነ በዙሪያው ይደረደራል። ከዚያ በየስንዝሩ በልጥ ይታሰራል። የነገሩ ምስጢር ያለው ልጡ ላይ ነው፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ ካሰሩት፣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከሰው ክንድ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። የገበያው ችቦ በደረቅ ልጥ ታስሮ ኖሮ ነው የተበተነው። ነገር ግን እጅግም አይጠብቅም፤ ነፋስ የማይገባው ችቦ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ያን ማታ አንዲት ችቦ ለማሰር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ እሷም ደመራው ዘንድ ሳትደርስ ወገቧ ላይ ተሰበረች።

ወደ ከተማ ስመለስ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እንደ እኔ ያለ ጀማሪ ደመወዝተኛ ወይም ተማሪ አንዲት የኪራይ ክፍል ይዞ ሲኖር፣ የመስከረም በዓል ሲደርስ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ከሱቅ የላስቲክ አበባና የሚያብለጨልጭ ወረቀት ገዝቶ ይሰቅላል፤ በጥቅምት አቧራ ይጠጣል፤ ለገና እንደገና ያራግፈዋል። በላስቲክ አበባ ላይ የግል ጠብ የለኝም። ነገር ግን ዐደይ አበባ ሜዳውን ሁሉ በሸፈነበት ሰሞን የላስቲክ አበባ መግዛት በውኃ ዳር ቆሞ ውኃ እንደ መግዛት መስሎ ስለታየኝ፣ ለዓምናው በዓል የክፍሌን ጌጥ ሁሉ ከእንጨት ልሠራ ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ችግር እንጨቱ ነው። በአበው ቁጥር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ስለሆነ፣ መስከረም 17 ቀን የሚውለው መስቀል ገና ክረምቱ ሳይወጣ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን ውጭ የተገኘ እንጨት ሁሉ ውኃ የጠጣ ነው። ብልህ ሰው በግንቦት ያስባል። ያላሰበ ደግሞ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ወደ ሠፈሩ አናጢ ቤት ይሂድ። እዚያ ሰጋቱራው መካከል የደረቀ የጣውላ ቁርጥራጭ አይታጣም፤ ባለቤቱም በትሕትና ለጠየቀው ሰው በነጻ ወይም በቡና ዋጋ ይሰጣል። ጌጥ ለመሥራት ብሎ ጫካ መግባት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ሊሆን ይችላል፤ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጥድና ዝግባ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ገና በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በየጓሮው ስላለ ለእኛ ይበቃናል፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው።

ይህንን ጠባዩን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከአንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ክብ አድርጌ አራት ቁራጭ በመጋዝ አወጣሁ፤ ሻማ ማስቀመጫ ሊሆኑኝ ነው። ቅርፊታቸውን እንደያዙ እጅግ ያምሩ ነበር። ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ ተነሥቼ መብራት ባበራ፣ አንደኛው ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። በሳምንቱ አራቱም እንዲሁ ሆኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እኔ ልስተው አይገባኝም ነበር። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም፤ በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመካከሉ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ክቡ ከዙሪያው ሲጠብብ አንድ ቦታ ላይ መቀደድ ግድ ይሆንበታል። መፍትሔው ግንዱን በቁመቱ ለሁለት ፈልጦ ከግማሹ መሥራት ነው። ግማሽ ግንድ ሲደርቅ ለመጥበብ ቦታ አለው። ደግሞም ጠፍጣፋው ወገን ጠረጴዛ ላይ ደልደል ብሎ ይቀመጣል፤ ጎባጣው ወገን ከነቅርፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ ከክቡ ያላነሰ ያምራል። ሻማ የሚቆምበትን ጉድጓድ በመሮ ከቦረቦራችሁ በኋላ የጠርሙስ ቆርኪ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ከሥሩ አስገቡበት፤ ሻማው ቀልጦ ያለቀ ጊዜ እሳቱ እንጨቱን እንዳያገኘው ነው። የኪራይ ቤት ማቃጠል ከላስቲክ አበባ ይልቅ ውድ ነው።

ከሠራኋቸው ሁሉ ያለ ድካም የሰመረልኝ የቀርከሃ የአበባ ማስቀመጫ ነው። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅለው ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ የደጋው ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆላው ግን ድፍን ያለ ስለሆነ ለዱላ እንጂ ለዚህ አይሆንም። የደጋውን ቀርከሃ ከአንጓው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ በመጋዝ ቁረጡት፤ ከላይ ደግሞ የሚቀጥለው አንጓ ሳይደርስ ቁረጡት። አንጓው እንደ ወለል ሆኖ ውኃውን ይይዛል። ጥቂት ሰም አቅልጣችሁ ከውስጥ ብታዞሩበት ጨርሶ አያፈስም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ የቀርከሃ ስንጥር ጣት ውስጥ ሲገባ አያድርስ ነው። ዐደይ አበባ አገዳው ቀጭንና ረዥም ስለሆነ በሰፊ ዕቃ ውስጥ ይበተናል፤ በቀርከሃው ጠባብ አፍ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውኃውን በየቀኑ ለውጡለት።

በመጨረሻ መስቀሉን ሠራሁ። እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ሁለት የደረቁ የወይራ እንጨቶች ይበቃሉ። የሁለቱንም ግማሽ ውፍረት በመጋዝና በቢላ አውጥቶ አንዱን በሌላው ላይ ማግጠም ነው፤ ምስማር አያስፈልግም። እርጥብ ሳለ ጠብቆ የገጠመ ሲደርቅ ስለሚላላ እንጨቱ አስቀድሞ መድረቁን ማረጋገጥ ይገባል። መገናኛውን በሲባጎ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ እያሻገራችሁ ብታስሩት፣ ማሰሪያው ራሱ ጌጥ ይሆናል። ስለ ቅርጹ ሐሳብ ያጠረው ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለውን የመስቀል ስብስብ ይመልከት። እኔ ግን ከዚያ አንዱን ለመቅዳት ሞክሬ ሦስት እንጨት ካበላሸሁ በኋላ ወደ ቀላሉ ተመለስሁ። የቤቱ እመቤት እትዬ በር ላይ ሰቅዬው ባዩ ጊዜ «የተባረከ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለጌጥ መሆኑን ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያስ ከደመራው ጫፍ ላይ ይሁን፤ እዚያ ቦታው ነው» አሉ። ትክክል ነበሩ። የግቢያችን ልጆች ዐደይ አበባ ጠምጥመውበት ከትንሿ ደመራችን አጣና ጫፍ ላይ አሰሩት።

ስለ ቅባቱ አንድ ነገር ልጨምር። ቫርኒሽ ያብለጨልጫል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ግን የተልባ ዘይት ይሻላል። በጨርቅ ስስ አድርጎ ቀብቶ ጥቂት ቀን መተው ነው። ጨርቁን ግን ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትጥሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተጠቀለለ ጨርቅ ከራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ በመስቀል አደባባይ የሚነደውን ታላቁን ደመራ ዓለም ያውቀዋል። የእኛ ግቢ ደመራ ከቤቱ ጣራ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ሲወድቅም የወደቀው በልብስ መስቀያው ገመድ ላይ ነው።

እኔ እሱ ሲነድ አላየሁም፤ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። በዋዜማው ጧት አገር ቤት ወርጄ ነበር። የያዝሁት ሦስት ችቦ ነው፤ ጭራሮውን በግንቦት ለቅሜ፣ ልጡን ነክሬ፣ ራሴ ያሰርሁት። አባቴ እንደ ልማዳቸው ደጅ ተቀምጠዋል። አንደኛውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ማሰሪያውንም በሚንቀጠቀጠው አውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። አልተፈታም። እንደገና፣ አሁን ጠንከር አድርገው፣ ጫኑት።

«አናቱ ወፍሯል» አሉኝ። ከዚያም ትንሽ ቆይተው ለእናቴ ጮክ ብለው «አንቺ፣ የዘንድሮውን ችቦ ነይ እይው!» አሉ።