መብረቅን ማስቆም አይቻልም፤ መንገድ ማሳየት ግን ይቻላል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ በጎጃም በምትገኝ አንዲት ከተማ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ መደብር ከፈተ። ሥራውን የጀመረው በብድር ነበር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ መብረቅ ይበዛል ይሉኛል፤ ማሽኖቹን እንዴት ልጠብቃቸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በውጭ አገር ለዶክትሬት ትምህርት በሠራሁበት ቤተ ሙከራ የለመድሁትን አስታውሼ፣ ለማሽኖቹ ብቻ የሚያገለግል፣ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር የተለየ የመሬት ዘንግ ከመደብሩ ጀርባ እንዲያስቀብር ነገርሁት። እንዳልሁት አደረገ።

በሐምሌ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከመደብሩ ጀርባ የቆመው ባሕር ዛፍ በመብረቅ ተመታ። ዛፉ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በመደብሩ ጣሪያና ግድግዳ ላይ አንዳች ጉዳት አልታየም፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮችና በብድር የተገዛው ፎቶ ኮፒ ግን ተቃጠሉ። ምንም ዓይነት የመሬት ዘንግ ያልተቀበረለት የጎረቤቱ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ግን ደኅና ነበር።

ወንድሜ አልወቀሰኝም። ይሁን እንጂ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው የሰጠው ምክር ጉዳቱን እንዴት ሊያባብሰው ቻለ? ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። መልሱን ያገኘ ሰው ቤቱንም መደብሩንም ከመብረቅ ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ዋና ነገር አገኘ ማለት ነው።

መብረቅ እንዴት ይፈጠራል?

አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው የትሮፒክ ክልል ውስጥ ትገኛለች። በዚህ ክልል ምድር በፀሐይ ይግላል፤ እርጥበት የተሸከመው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ተራሮችም ይህንኑ አየር ይበልጥ ወደ ላይ ይገፉታል። ሳተላይቶች እንደመዘገቡት፣ በደመና ውስጥ የሚቀሩትን ጨምሮ፣ በመላው ዓለም በየሰከንዱ በአማካይ 44 ያህል ብልጭታዎች ይከሰታሉ። ከእነዚህም ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በሰሜንና በደቡብ 30 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል የሚታዩ ናቸው።

ወደ ላይ የወጣው እርጥበት ይቀዘቅዛል። በደመናው ውስጥ ቀላል የበረዶ ክሪስታሎችና ከበድ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለዋወጣሉ። ክሪስታሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ሙል ይዘው ወደ ደመናው አናት ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ቅንጣቶች ኔጌቲቭ ሙል ይዘው በታችኛው ክፍል ይቀራሉ። በሁለቱ መካከል፣ እንዲሁም በደመናውና በመሬት መካከል፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል።

መስኩ ሲበረታ ከደመናው «መሪ» ተብሎ የሚጠራ ሙል የተሸከመ ቀጭን የአየር መስመር፣ እያንዳንዱ 50 ሜትር ያህል በሚረዝም እርምጃ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ መሬት ሲቃረብ ከዛፎች፣ ከጣሪያዎችና ከምሰሶዎች ወደ ላይ የሚወጡ መሰል መስመሮች ይነሣሉ። ከእነዚህ አንዱ ከወራጁ ጋር በተገናኘ ቅጽበት በተከፈተው መንገድ 30,000 አምፔር ያህል ከረንት ይፈስሳል። በቤታችን ያለው ብሬከር ከ20 ወይም ከ30 አምፔር በላይ ሲሆን የሚቋረጥ መሆኑን ብናስብ የነገሩ ግዝፈት ይገባናል። በመንገዱ ላይ ያለው አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ያህል ይግላል። በድንገት የተስፋፋው አየር የሚያሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መብረቁ የሚያርፍበት ቦታ የሚወሰነው መሪው ወደ መሬት ከተጠጋ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት አሥር ሜትሮች ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ላይ የተተከለ ዘንግ መብረቅን ከሩቅ ደመና አይጠራም። ተንቀሳቃሽ ስልክም እንዲሁ መብረቅ አይስብም፤ በሶኬት ተሰክቶ ቻርጅ ሲደረግ ግን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ስለተያያዘ ለያዘው ሰው አደገኛ ይሆናል።

መሬት ሁልጊዜ ዜሮ ቮልት ነውን?

በክፍል ውስጥ የመሬት ቮልቴጅ ዜሮ ነው ብለን እናስተምራለን። ለተለመደው የ220 ቮልት አገልግሎት ይህ አባባል ይበቃል። ይሁን እንጂ አፈር መዳብ አይደለም፤ 30,000 አምፔር በአንድ ነጥብ ሲገባበት በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ለአፍታ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይይዛል። ቮልቴጁም ከተመታው ቦታ በራቅን ቁጥር ይቀንሳል። ከረንቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰራጫል ብለን ብንወስድ ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

ቮልቴጅ = (የአፈር ሬዚስቲቪቲ × ከረንት) ÷ (2 × 3.14 × ርቀት)

የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ 200 ኦም-ሜትር ነው እንበል። ከተመታው ዛፍ 10 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 95,500 ቮልት፣ 20 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ ወደ 47,750 ቮልት ይሆናል። እነሆ፣ ሁለቱም «መሬት» ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ወደ 47,750 ቮልት የሚጠጋ ልዩነት አለ።

አሁን ወደ ወንድሜ መደብር እንመለስ። እኔ ያስቀበርሁት ዘንግ ከባሕር ዛፉ 10 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ በመደብሩ ፊት ለፊት ከቆጣሪው ጋር የተያያዘው ዘንግ ደግሞ 20 ሜትር ያህል። የማሽኖቹ የብረት አካል ከጀርባው ዘንግ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቻቸው ደግሞ ከፊተኛው ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ልዩነቱ በሙሉ ያረፈው በማሽኖቹ ውስጥ ነው። መብረቁ በጣሪያ አልገባም፤ በእኔ ምክር በተቀበረው ዘንግ በኩል ከመሬት ወጣ። የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን የዳነው ከአንድ መስመር ጋር ብቻ ተያይዞ ስለነበረ ነው። በቤተ ሙከራ የተለየ መሬት የሚያስፈልገው ጥቃቅን ምልክቶችን ከረብሻ ለመለየት ነው። እኔ ለአንድ ዓላማ የተሠራን መፍትሔ ለሌላ ዓላማ አዋልሁት።

ወፎች በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያለ ሥጋት የሚቆሙት ሽቦው ቮልቴጅ ስለሌለው አይደለም፤ ሁለቱም እግሮቻቸው በእኩል ቮልቴጅ ላይ ስለሆኑ ነው። የሚጎዳው የቮልቴጅ ልዩነት ነው። እንግዲህ የመብረቅ መከላከል ሳይንስ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለመብረቁ ወደ መሬት የሚወስድ ጥሩ መንገድ መስጠት፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ እንዲል ማድረግ።

ዘንጉ ምን ይሠራል?

ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሙከራ ካቀረበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1752 በፈረንሳይ ከተተከለ የብረት ዘንግ የመብረቅ ደመና እያለፈ ሳለ ብልጭታ ተገኘ። በተከታዩ ዓመት ጌኦርግ ሪችማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በሴንት ፒተርስበርግ ተመሳሳይ መለኪያ ሲመለከት በመብረቅ ተመቶ ሞተ። የእርሱ ዘንግ ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር። ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ዘንግ መከላከያ ሳይሆን ወጥመድ መሆኑን ታሪክ ያስተማረን በዚህ ዋጋ ነው።

ገበሬ ጎርፍን አላቆመውም፤ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣለታል። የመብረቅ መከላከያም እንዲሁ ሦስት ክፍሎች ያሉት ፈሰስ ነው፦ በጣሪያ አናት ላይ ያለው ተቀባይ ዘንግ፣ ወደ ታች የሚያወርደው ሽቦ፣ በመጨረሻም በመሬት የተቀበረው ክፍል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው 62305 በተባለው መስፈርት መሠረት ወራጁ የመዳብ ሽቦ ቢያንስ 50 ስኩዌር ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ቢያንስ ሁለት ወራጆች ቢኖሩም ይመረጣል። የመሬቱ ሬዚስታንስ ከ10 ኦም ባይበልጥ መልካም ነው። በ10 ኦም እንኳ 30,000 አምፔር ሲያልፍ 300,000 ቮልት ይፈጠራልና መሬቱ ጥሩ ነው ተብሎ የውስጡ ማያያዣ ሊዘነጋ አይገባም።

ወራጁ ሽቦ ቀጥ ያለና አጭር ይሁን። የመብረቅ ከረንት በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ በብዙ ሺህ አምፔር ስለሚያድግ በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ላይ ብቻ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ይችላል። ሽቦው በስለት ከታጠፈ መብረቁ መንገዱን ትቶ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ሰው ሊዘልል ይችላል።

ለቤትና ለመደብር

አንደኛ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አንድ የመሬት ሥርዓት ብቻ ይኑር። ለቆጣሪው፣ ለመብረቅ መከላከያው፣ ለዲሹና ለስልኩ የተቀበሩ ዘንጎች ካሉ ሁሉም በወፍራም መዳብ እርስ በርስ ይያያዙ። የብረት የውኃ ቧንቧም ከዚሁ ጋር ይያያዝ።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ፣ የስልክና የዲሽ ሽቦዎች በተቻለ መጠን በአንድ በኩል ይግቡ፤ በመግቢያቸውም ላይ የሰርጅ መከላከያ ይገጠምላቸው። የመከላከያው ማያያዣ ሽቦዎች ርዝመት ተደምሮ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ የሶኬቱ የመሬት ማያያዣ በእርግጥ ከመሬት ጋር መገናኘቱ በባለሙያ ይለካ። በብዙ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተያያዘም። እንዲህ ባለ ሶኬት ላይ የተሰካ ውድ ዲቫይደር መብረቁን የሚልክበት መሬት የለውም። ስታቢላይዘርም ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብረቅ አይከላከልም።

አራተኛ፣ ገንዘብ የማያስወጣውና ከሁሉ የሚሻለው፦ ደመናው ከመድረሱ በፊት የኤሌክትሪኩንም የዲሹንም የስልኩንም ሽቦ ነቅሎ ከማሽኑ ማራቅ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከደመና ተነሥቶ ኪሎ ሜትሮች የተጓዘ መብረቅ በማብሪያው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይዘልላል።

ሰውን በተመለከተ

ማሽን በገንዘብ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኡጋንዳ ሩንያንያ በተባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ በወረደ መብረቅ ግን 18 ተማሪዎች ሞተዋል። ትምህርት ቤቱ በኋላ የመብረቅ መከላከያ ተተክሎለታል። ይህ አደጋ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብዙዎቹ ቤቶቻችንና የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው። ቆርቆሮው መብረቁን ይቀበላል፤ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ግን የለም። ስለዚህ መብረቁ በግድግዳው ወይም በውስጥ ባለው ሰው በኩል ይወርዳል። ጉድለቱ የቆርቆሮው መኖር ሳይሆን የወራጁ አለመኖር ነው። በኮረብታ ላይ ለሚሠሩ፣ የብረት ጉልላት ላላቸው አብያተ ክርስቲያናትም ነገሩ ይኸው ነው።

በሜዳ ላይ ዛፍ ሥር መጠለል ለምን እንደሚያስፈራ ከላይ ያለው ስሌት ያስረዳናል። ከተመታው ዛፍ 10 ሜትር ርቆ እግሮቹን በግማሽ ሜትር አራርቆ የቆመ ሰው በእግሮቹ መካከል ወደ 4,500 ቮልት፣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያላት ላም ደግሞ ወደ 12,500 ቮልት ያገኛታል። በላሟ በኩል የሚያልፈው ከረንት በልቧ አጠገብ ስለሚያልፍ ከብቶች በአንድ ዛፍ ሥር በጅምላ የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ብልጭታው ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዶችን እንቁጠር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ቆጠራው ከ30 ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና መከላከያ ወዳለው ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ወዳለው መስኮቱ የተዘጋ መኪና እንግባ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ እንታገሥ። የተመታ ሰው በአካሉ የቀረ ኤሌክትሪክ ስለሌለው ለመንካት አንፍራ፤ እስትንፋሱና ልቡ ከቆሙ ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ወዲያውኑ መርዳት ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

በወንድሜ መደብር ሁለቱን ዘንጎች በመዳብ አያያዝናቸው፤ ሽቦዎቹን በአንድ በኩል አስገባናቸው፤ የሰርጅ መከላከያም በመግቢያው ላይ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ክረምቶች የተቃጠለ ነገር የለም። ይህ በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥቂት ክረምት ያለ ጉዳት ማለፍ በአጋጣሚም ይሆናልና። የምንታመነው በስሌቱ ነው። ወንድሜ ግን አሁንም ሰማዩ ሲጠቁር፣ ደንበኛ እየጠበቀው እንኳ፣ ሶኬቶቹን ይነቅላል። ብድሩንም ከፍሎ ጨርሷል።