አሮጌው የጣሊያን ማይክሮፎንና የአዛውንቶች ድምፅ

በጎርጎርሳውያኑ 1961 ራሺድ ቢን ሐምዳ በዓጅማን በቀላል መሣሪያዎች የሬዲዮ ጣቢያ አቋቋሙ። ጣቢያው እስከ 1965 ድረስ ድምፁን ለአካባቢው ነዋሪ አሰምቷል።

በዚያው ዘመን በሚላኖ ከተማ፣ በ1931 በጆቫኒ ጄሎሶ የተመሠረተው ኩባንያ ማጉያ፣ ቴፕ መቅረጫና ዳይናሚክ ማይክሮፎን ያመርት ነበር። የዳይናሚክ ማይክሮፎን አሠራር ቀላል ነው፦ ድምፅ ስስ ሽፋንን ሲያርገበግብ፣ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ተንቀሳቅሶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የውጭ ኃይል አይሻም፤ ከኮንደንሰር ማይክሮፎን ይልቅም የዱባይንና የሻርጃን የባሕር እርጥበት ይቋቋማል።

ይህ ለወገኖቻችን ቤት ይጠቅማል። ከወሎ የመጡ አዛውንት በአፍ የተማሩትን መንዙማ ሲያሰሙ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ የኤሲው ጉምጉምታ ቀረጻውን ያበላሻል። ኤሲውን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ ዳይናሚክ ማይክሮፎንን ወደ አፍ ማስጠጋት ድምፁን ያጠራዋል።

አሮጌ ማይክሮፎን ያለው ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በርካታ የዘመኑ ማይክሮፎኖች ከዛሬው ሚክሰር ጋር በቀጥታ ስለማይጣጣሙ ማጣጣሚያ ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ። የሽቦው አገጣጠም ሳይፈተሽ የ48 ቮልት ኃይል ሊላክበት አይገባም። የብረት ብናኝም ወደ ማግኔቱ እንዳይገባ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ ይበጃል።

አሮጌው መሣሪያ ከሌለም አዲሱ፣ እርሱም ከሌለ የእጅ ስልክ ይበቃል። የተበላሸ ማይክሮፎን በባለሙያ ይጠገናል፤ ሳይቀረጹ ያለፉ አዛውንት ድምፅ ግን አይገኝም።