ሕፃንን ከፀሐይ መሸሸግ የሚያስከትለው ጕዳት

በእንጅባራ የጧቱ ብርድ ጽኑ ነው፤ ክረምቱም ረዥም ነው፡፡ ስለዚህ እናት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍና ብትይዘው የሚያስነቅፋት አይደለም፡፡ ነገር ግን ደመናው ተገፎ ፀሐይ በወጣች ጊዜም ሽፋኑ ሳይነሣ ይቀራል፡፡ ምክንያቱን የጠየቅናት እንደ ሆነ፣ «ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍበት ነው» ትለናለች፡፡ ይህ ከፍቅር የመነጨ ጥንቃቄ ሕፃኑን ሪኬትስ ለሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ደዌ አሳልፎ ይሰጠዋል፡፡

የፀሐይ ብርሃን የተገለጠ ቆዳን ሲነካ በቆዳው ውስጥ ቪታሚን ዲ ይፈጠራል፡፡ የዚህም ሥራ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን ወስዶ ለአጥንት እንዲያቀብል መርዳት ነው፡፡ የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም፣ ቪታሚን ዲ በውስጡ ጥቂት ነው፡፡ ይህ የጐደለው ሕፃን ለመቀመጥና ለመሄድ ይዘገያል፤ የእጁ አንጓ ያብጣል፤ መቆም ሲጀምርም እግሩ ይጎብጣል፡፡

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጎድን አጥንት መልፈስፈስ ነው፤ ሳንባ እንደሚገባ አየር እንዳይስብ ያደርገዋልና፡፡ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል 500 የሳንባ ምች የያዛቸውና 500 ያልያዛቸው ሕፃናት ተመርምረው፣ ውጤቱ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል፡፡ ከታመሙት መካከል 210፣ ካልታመሙት መካከል ግን 20 ብቻ ሪኬትስ ተገኝቶባቸዋል፡፡ እንግዲህ እናት ምችን ስትሸሽ ለሳንባ ምች በር ትከፍታለች ማለት ነው፡፡

በባሕር ማዶ ስማር፣ ክረምታቸው ጨለማ የሆነ አገሮች ይህን ቪታሚን ለሕፃናት በጠብታ ሲሰጡ አይቻለሁ፡፡ እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ በደጃችን ናት፡፡ ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ፣ ብርዱ ሲለዝብ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ነፋስ በማይነካው ሥፍራ እጅና እግሩን ገልጦ ለ15 ደቂቃ ያህል ማሞቅ ይገባል፡፡ በመስኮት መስተዋት አልፎ የሚገባው ፀሐይ አይጠቅምም፤ ቪታሚኑን የሚፈጥረውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋልና፡፡ ደመናው ሳይገፈፍ ለብዙ ቀን የቆየ እንደ ሆነ ስለ ጠብታው ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ነው፡፡

«ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ታመጣለች» ሲባል የሰማ ሰው ይሠጋ ይሆናል፡፡ የጠቈረ ቆዳ በውስጡ ያለው ቀለም ጥላ ስለሚሆነው፣ ይህ አጭር የጧት ፀሐይ አያሠጋውም፡፡ የቀትር ፀሐይ ግን ለማንም ሕፃን አይገባም፡፡ ከልደታቸው ጀምሮ የቆዳ ቀለም የሌላቸው፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ግን ይህ ጥላ የላቸውም፤ ቆዳቸው በቀላሉ ይቃጠላል፤ ከዓመታት በኋላም ካንሰር ሊያገኛቸው ይችላል፡፡ ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ እነዚህን ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ በፀሐይ አታቁሟቸው፤ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረዥም ልብስ እንዲለብሱ ፍቀዱላቸው፤ የማይድን ቍስል ያያችሁ እንደ ሆነም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ላኩ፡፡

ለአንዱ ልጅ ፀሐይን በመጠን መስጠት፣ ለሌላው ጥላን ማዘጋጀት፣ ሁለቱም «ሳይቃጠል በቅጠል» ናቸው፡፡